ጉልበት ወይስ ጽናት? ቱርቦ በእሽቅድምድም መኪና ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ለማክበር ሲዘጋጅ፣ ለዝግጅቱ ከመጡት የቀድሞ ተማሪዎች መካከል አንድ ሰው ወደ መካኒክ ክበባችን ጎራ ብለው ነበር። እኒህ ሰው ብዙ ዓመት ገንዘብ አጠራቅመው የገዟት ባለሁለት በር የስፖርት መኪና አለቻቸው። መኪናይቱን አልፎ አልፎ በእሽቅድምድም ጎዳና ላይ ሊነዷት አስበዋል። ከወዳጆቻቸው አንዳንዶቹ «ቱርቦ ይግጠሙላት፣ ከዚያ በኋላ የሚደርስባት የለም» ይሏቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ «ደኅና የሚሠራውን ሞተር አይንኩት» ሲሉ ይመክሯቸዋል። እሳቸውም ፈገግ ብለው «እስቲ እናንተ ፍረዱ» በማለት ጉዳዩን ለእኛ ተዉልን።

የክበቡ መምህራችን ጥያቄውን ወዲያው የክርክር ርእስ አደረጉት። እኔ ከቱርቦው ወገን ቆምሁ። ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ፍጥነት የማውቀውን ሁሉ በደስታ አወራሁ፤ ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ። ከዚያ በኋላ ከተቃራኒው ወገን አንዲት ተማሪ ተነሥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ይህ የጨመርኸው ጉልበት ስንት ዙር ይቆያል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ክርክሩም በዚያው ተፈታ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስለ ቱርቦ ታሪክ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምሁ። ያነበብሁትን እያንዳንዱን መኪናም ያችው ጓደኛዬ የጠየቀችኝን ጥያቄ እየጠየቅሁ አለፍሁ። ይህ ጽሑፍ በክርክሩ ቀን ያጣሁትን መልስ ፍለጋ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ቱርቦ ምንድን ነው?

ሞተር የሚሠራው ነዳጅና አየር በሲሊንደሩ ውስጥ ተቀላቅለው ሲቃጠሉ ነው። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው አየር መጨመር ነው። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ የሚስበው አየር ልኩ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ከዚያ የበለጠ ነዳጅ ቢጨመርበት ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጉልበት የፈለገ ሰው ወይ ሞተሩን ማተለቅ፣ ወይ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞርበትን ቁጥር መጨመር፣ ወይም አየሩን ጨምቆ ማስገባት አለበት።

ቱርቦ የሚመጣው ከዚህ ከሦስተኛው መንገድ ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው የተቃጠለ ጭስ ብዙ ሙቀትና ግፊት ይዞ በከንቱ ይባክናል። ቱርቦ ይህን ጭስ በማርሚታው በኩል ከመውጣቱ በፊት በአንዲት ትንሽ ተርባይን ላይ ያሳልፈዋል። ጭሱ ተርባይኒቱን ያሽከረክራታል፤ ከእርሷ ጋራ በአንድ ዘንግ የተያያዘችው ሁለተኛይቱ መዘውር ደግሞ የውጭውን አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ትልካለች። ቀጥቃጭ ወናፉን በነፋ ቍጥር ፍሙ እንደሚግል ሁሉ፣ ቱርቦም ለሞተር ወናፉ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የቀጥቃጩን ወናፍ ሰው ሲነፋው፣ ይህን ወናፍ ግን እሳቱ ራሱ መንፋቱ ነው።

ይህን አሳብ በ1905 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የስዊስ አገር መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ ይባላል። ነገር ግን አሳብና ሥራ ለየቅል ናቸውና በሥራ ላይ ሊያውለው ብዙ ዓመት ፈጀበት። በ1920ዎቹ ዓመታት ሁለት የጀርመን መርከቦች የእርሱን ዘዴ ተቀብለው የእያንዳንዱን የናፍጣ ሞተር ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አደረጉ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ቱርቦ በመጀመሪያ የተሳካለት በእሽቅድምድም መኪና ላይ ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ በሚዞርና ለብዙ ቀን ሳያርፍ በሚሠራ የመርከብ ሞተር ላይ መሆኑን ነው።

ቱርቦ ለደጋ አገር ሰው ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። በ1918 ዓ.ም. ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ በኮሎራዶ ክፍለ አገር ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ወጣ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዝቅተኛ ቦታ 350 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር እዚያ አየሩ ስለ ሳሳበት ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። በአዲስ አበባም የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ያለ ቱርቦ የሚሠራ መኪና ገና ከቤቱ ሳይወጣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አጥቷል። ስለዚህ የእንግዳችን ወዳጆች ቱርቦ ሲመክሯቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉልበት ያለ ዕዳ አይገኝም

ይሁን እንጂ የተጨመረው ጉልበት በነፃ የመጣ አይደለም። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ በፖምፓ የነፋ ሁሉ የፖምፓውን ጫፍ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። የሞቀ አየር ከነዳጅ ጋራ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ፣ ድብልቁ በካንዴላው እሳት በሥርዓት መቃጠሉ ቀርቶ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ይህ ፍንዳታ ፒስቶኑን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ከቆየም ፒስቶኑን ይበሳዋል ወይም ያቀልጠዋል።

ሁለተኛው ዕዳ የቱርቦው የራሱ ነው። በእሽቅድምድም ላይ ወደ ተርባይኒቱ የሚደርሰው ጭስ ሙቀቱ እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ይችላል። ዘንጉም በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ይህን ዘንግ ከብረት ጋራ እንዳይፋቅ የሚያድነው ቀጭን የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ነጂው ሞተሩን እንደ ጋለ በድንገት ቢያጠፋው ዘይቱ በውስጡ ቆሞ ይቃጠላል፤ ከስሎም መንገዱን ይዘጋል።

ሦስተኛው ዕዳ መዘግየት ነው። ነጂው ነዳጁን ሲረግጥ ጭሱ እስኪበዛ፣ ተርባይኒቱም እስክትነሣ ድረስ ጊዜ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ መካከል ሳለ ይህ የደረሰ እንደ ሆነ ነጂው መሪውን ሊስት ይችላል።

እነዚህ ዕዳዎች በከተማ መንገድ ላይ ብዙ አይታዩም። በከተማ ነጂው ነዳጁን እስከ መጨረሻው የሚረግጠው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ያርፋል፤ ሙቀቱም ይበርዳል። በእሽቅድምድም ጎዳና ግን ዕረፍት የለም። አንዱ ዙር ያመጣው ሙቀት ሳይበርድ ሌላው ዙር ይደርስበታል። ዘይቱ፣ ውሃው፣ ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉ ሙቀቱን እየደራረቡ ይሸከማሉ። በመንገድ ላይ አንድ ዓመት የሚቆይ መኪና በእሽቅድምድም ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው የሚወድቀው ስለዚህ ነው።

71 ዙር

በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል እሽቅድምድም ላይ አንድ ያልተለመደ መኪና ቀረበ። ካሚንስ የተባለው የናፍጣ ሞተር ፋብሪካ ያሠራው ይህ መኪና 6.6 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ በዚያ እሽቅድምድም ታሪክም ቱርቦ የተገጠመለት የመጀመሪያው መኪና ነበር። ነጂው ፍሬድ አጋባሺያን በማጣሪያው በሰዓት 138 ማይል፣ ማለትም 222 ኪሎ ሜትር ያህል በመንዳት ከ33 መኪኖች ሁሉ ቀድሞ ከፊት የመነሣትን መብት አገኘ። የጭነት መኪና ሞተር ከሌሎቹ መኪኖች ሁሉ ፊት ተሰለፈ።

የማጣሪያው ፈተና ግን አራት ዙር ብቻ ነበር። እሽቅድምድሙ 200 ዙር ነው። የአየር መሳቢያው ወደ መሬት ዝቅ ብሎ በመኪናው ፊት ተሠርቶ ስለ ነበር፣ ከፊት የሚሄዱት መኪኖች ከጎማቸው የሚፍቁትን የጎማ ፍርፋሪ እየሳበ አስገባው። ቱርቦውም ታፍኖ በ71ኛው ዙር መኪናው ወጣ። የሞተሩ ብረት አልተሰበረም፤ ፒስቶኑም አልቀለጠም። የጠፋው አፉን የሚጠብቅለት ነገር ነበር። የጓደኛዬ ጥያቄ የመጀመሪያ መልሱን ያገኘው እዚህ ነው፤ 71 ዙር።

ሁለት መኪኖች በአንድ ዓመት

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ሁለት የአሜሪካ መኪኖች ቱርቦ ይዘው ለሕዝብ ገበያ ቀረቡ። አንደኛው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር፣ ሁለተኛው ሸቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር ይባላል። የሁለቱም ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው በተለያየ መንገድ ስለ ሄዱ ለኛ ጥሩ ትምህርት ይሆናሉ።

የጄትፋየሩ መሐንዲሶች ጉልበቱንም ቅልጥፍናውንም አንድ ላይ ፈለጉ። ስለዚህ በሲሊንደሩ ውስጥ ድብልቁ የሚጨመቅበትን ልክ ሳይቀንሱ ከ10 ለ1 በላይ አድርገው ተዉት። ይህ ለቱርቦ እጅግ ከፍተኛ ስለ ሆነ፣ ከላይ የተናገርነው ፍንዳታ እንዳይመጣ ውሃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከልዩ ጋን ወደ ሞተሩ እንዲረጭ አደረጉ። መሣሪያው ብልሃት ያለበት ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ባለመኪኖች ጋኑን መሙላት ረሱ። ጋኑ ሲደርቅ ሞተሩ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ባለመኪናውም የከፈለበትን ጉልበት አያገኝም። መኪናው ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሠራ ቀረ፤ በኋላም ብዙዎቹ ባለቤቶች ቱርቦውን አስወልቀው ተራ ካርቡራተር አስገጠሙለት።

የኮርቬሩ መሐንዲሶች ግን ልኩን ወደ 8 ለ1 ዝቅ አደረጉት። ጉልበቱም 150 የፈረስ ጉልበት ብቻ ሆነ፤ የጄትፋየሩ 215 ነበር። ነገር ግን የኮርቬሩ ቱርቦ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሲሸጥ ቆየ። ፖርሼም በ1974 ዓ.ም. ዝነኛውን 911 ቱርቦ በፓሪስ ሲያሳይ ልኩን 6.5 ለ1 ብቻ አድርጎት ነበር። ቱርቦ የሚገጥም ሰው በመጀመሪያ ሞተሩ ለቱርቦው ቦታ እንዲለቅለት ማድረግ እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

የሃያ አራት ሰዓት ፈተና

ጽናት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በፈረንሳይ አገር በሌ ማን ከተማ በሚደረገው የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ነው። በ1976 ዓ.ም. ፖርሼ 936 በተባለው መኪና ዣኪ ኢክስና ኪስ ቫን ሌኔፕ አሸነፉ። በዚያ ውድድር ቱርቦ ያለው መኪና ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ሬኖ በቱርቦ የሚነዱ ፈጣን መኪኖቹን ይዞ ፖርሼን ሊበቀል መጣ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የኢክስ መኪና ሞተሩ ተሰብሮ ወጣ። ሁለተኛው ፖርሼ ደግሞ በብልሽት ምክንያት ወደ 41ኛው ቦታ ወርዶ ነበር። ኢክስ ወደዚህ መኪና ተዛወረና ከዩርገን ባርትና ከሃርሊ ሄይውድ ጋራ ሌሊቱን ሙሉ መኪኖችን እያለፈ ወደ ፊት ገሠገሠ። በዚያው ሌሊትና በማግሥቱ የሬኖ ፋብሪካ መኪኖች እየተራ በሞተር ብልሽት ወደቁ።

ነገር ግን አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው የመሪው የፖርሼ ሞተርም መጨስ ጀመረ። አንዱ ፒስቶን ተቃጥሎ ነበር። መካኒኮቹ መኪናውን አቁመው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ የተበላሸውን ሲሊንደር ነዳጁንና እሳቱን ዘግተው ከሥራ አስወጡት። ባርት መኪናውን በአምስት ሲሊንደር ብቻ እያዘገመ የቀሩትን ሁለት ዙሮች ጨርሶ አሸነፈ። በዚያች ሰዓት የቱርቦው ታላቅ ጉልበት ለምንም አልጠቀመም። የጠቀመው ሌሊቱን ሙሉ የተገኘው ብልጫና የመካኒኮቹ ትዕግሥት ነው።

ሬኖም ከዚህ ተማረ። በ1978 ዓ.ም. ሲመለስ ከመኪኖቹ አንዱ ትልቅ ሞተርና የበለጠ ፍጥነት ነበረው፤ ሌላው ከእርሱ ጥቂት ያንስ ነበር። ፈጣኑ መኪና ሲመራ ቆይቶ እሑድ ጧት ሞተሩ ፈረሰ። ዲዲዬ ፒሮኒና ዣን ፒየር ዦሶ የነዱት አነስተኛው መኪና ግን እስከ መጨረሻው ደርሶ ለፈረንሳይ ድል አመጣ። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ቱርቦ፤ የለያቸው ለሞተሩ የተተወለት የትንፋሽ ቦታ ነው።

ቢጫው የሻይ ጀበና

አሁን ወደ ፎርሙላ ዋን እንሻገር። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ሕግ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር እስከ 3 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው ደግሞ እስከ 1.5 ሊትር እንዲሆን ይፈቅዳል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ግማሹን ሞተር ይዞ በቱርቦ ለመወዳደር የደፈረ አልነበረም። በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ሬኖ ይህን ደፍሮ ቢጫ መኪናውን ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ሲልቨርስቶን ይዞ መጣ። ነጂው ዣን ፒየር ዣቡይ 21ኛ ሆኖ ተነሣ፤ 16 ዙር ያህል ከሄደ በኋላም ቱርቦው ተበላሽቶ ቆመ። በዚያ ዓመት መኪናው አንድም ውድድር አልጨረሰም። ሁልጊዜ ነጭ ጭስ እያወጣ ስለሚቆም እንግሊዞቹ «ቢጫው የሻይ ጀበና» ብለው ሳቁበት።

ሬኖዎች ግን አልተሳቀቁም። ሙቀቱን የሚያበርድ ማቀዝቀዣ አሻሻሉ፤ ፒስቶኑን ከሥር ዘይት እየረጩ አበረዱት፤ አንዱን ትልቅ ቱርቦ በሁለት ትንንሾች ተክተው መዘግየቱን ቀነሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በፈረንሳይ በዲዥን ከተማ ዣቡይ 80ውን ዙር በሙሉ ጨርሶ አንደኛ ወጣ። ጀበና ብለው ይስቁ የነበሩት ሁሉ ከዚያ በኋላ ቱርቦ ፍለጋ ገቡ።

በደቡብ አፍሪካ በኪያላሚ የሆነው ደግሞ ለኛ ለደገኞች ይበልጥ ይገባናል። ኪያላሚ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚያ የሳሳ አየር ሌሎቹ ሲደክሙ ቱርቦ ያለው ሬኖ አልደከመም። በ1979 ዓ.ም. ዣቡይ በዚሁ ቦታ ከሁሉ ፊት ተነሣ፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ጓደኛው ሬኔ አርኑ አሸነፈ።

ይሁን እንጂ ውድድር ማሸነፍና የዓለም ሻምፒዮን መሆን ለየቅል ናቸው። በ1982 ዓ.ም. ሬኖዎቹ በፍጥነት ከሁሉ ቢበልጡም ብዙ ጊዜ ሳይጨርሱ ቀሩ። በዚያ ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ያለ ቱርቦ በሚሠራ የዊሊያምስ ፎርድ መኪና የነዳው ኬኬ ሮዝበርግ ነው። ዓመቱን በሙሉ ያሸነፈው አንድ ውድድር ብቻ ሲሆን፣ ደጋግሞ እየጨረሰ 44 ነጥብ ሰበሰበ።

በ1983 ዓ.ም. ደግሞ የሬኖ ነጂ አላን ፕሮስት እስከ መጨረሻው ውድድር ድረስ ሲመራ ቆየ። ጥቅምት 15 ቀን ወደዚያው ወደ ኪያላሚ ሲደርሱ ፕሮስት 57፣ ተከታዩ ኔልሰን ፒኬ 55 ነጥብ ነበራቸው። ሬኖ በድል ጊዜ ያፈራረቀበት ቦታ ነውና ፈረንሳዮች ተስፋ አደረጉ። ነገር ግን በ35ኛው ዙር የፕሮስት ቱርቦ ተበላሸ። ከመኪናው ወርዶ የቀረውን በእግሩ ቆሞ ተመለከተ። ፒኬ ይህን ባወቀ ጊዜ አራተኛ መውጣት ብቻ እንደሚበቃው ስለ ገባው አልተሻማም። ሁለት መኪኖች ሲያልፉት ዝም ብሎ አሳለፋቸው፤ ሦስተኛ ወጥቶም 59 ነጥብ ይዞ በቱርቦ መኪና የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቱርቦን ወደ ፎርሙላ ዋን ያመጣው ሬኖ 15 ውድድር አሸንፎ ሳለ ያን ዋንጫ በዚያ ዘመን አላገኘም። በ1985 ዓ.ም. መጨረሻም ቡድኑን ዘጋ።

ይህን ስናነብ «የሬኖ ድካም ከንቱ ሆነ» ማለት አይገባም። መንገድ የሚጠርግና በተጠረገው መንገድ የሚሄድ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ሁለቱም መኪኖች ቱርቦ ነበራቸው። በዚያች ቀን ዋንጫውን የወሰደው ጉልበቱን መቼ መቀነስ እንዳለበት ያወቀው ነው።

ልክን የማወቅ ዘመን

በ1984 ዓ.ም. ሕጉ እያንዳንዱ መኪና ለአንድ ውድድር ከ220 ሊትር በላይ ነዳጅ እንዳይዝ፣ በመካከሉም እንዳይቀዳ ከለከለ። ከዚህ በኋላ ጉልበቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ሰው ነዳጁ በመንገድ ያልቅበታል። የማክላረን ቡድን ፖርሼ የሠራለትን ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ከ16ቱ ውድድሮች 12ቱን አሸነፈ። ሻምፒዮኑ ኒኪ ላውዳ በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከሁሉ ፊት አልተነሣም። ጓደኛው ፕሮስት 7 ውድድር ሲያሸንፍ እርሱ 5 ብቻ አሸነፈ። ሆኖም ላውዳ 72፣ ፕሮስት 71.5 ነጥብ ሆነና ዋንጫው በግማሽ ነጥብ ለላውዳ ሆነ።

በዚሁ ዘመን በማጣሪያው ቀን ብቻ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያወጡ 1.5 ሊትር ሞተሮች ነበሩ። ጥቂት ዙር ከሄዱ በኋላ ግን አውልቆ በሌላ መተካት ግድ ይሆን ነበር። በዚህ ዓይነት ሥራ የሚከፍል ባለጠጋ ፋብሪካ ካለ ጓደኛዬ ለጠየቀችኝ ጥያቄ «ሦስት ዙር ይበቃል» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ገንዘቡን ዓመት ሙሉ ላጠራቀመ ሰው ግን ይህ መልስ አይሆንም።

በ1988 ዓ.ም. ሕጉ የቱርቦውን ግፊት በ2.5 ባር፣ ነዳጁንም በ150 ሊትር ወሰነው። ብዙዎች «ቱርቦ አበቃለት» አሉ። በዚያው ዓመት ግን የሆንዳ ሞተር የያዘው ማክላረን ከ16ቱ ውድድሮች 15ቱን አሸነፈ። በ1989 ዓ.ም. ቱርቦ ከፎርሙላ ዋን ተከለከለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በ1.6 ሊትር ሞተር ላይ ተመለሰ። በተመለሰበት ዓመት ሕጉ እያንዳንዱ ነጂ 19 ውድድሮችን በ5 ሞተሮች ብቻ እንዲጨርስ አዘዘ። በ1986 ለጥቂት ዙር ብቻ ይሠራ የነበረው መሣሪያ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የብዙ ውድድር ሸክም ተሸካሚ ሆነ።

ለእንግዳችን የተሰጠ መልስ

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ በክርክሩ ዕለት ሁለታችንም ወገኖች ተሳስተን እንደ ነበር ተረዳሁ። እኔ ጉልበትን ጽናት የሌለው ነገር አድርጌ አቀረብሁት። እነርሱም ቱርቦ ሁሉ ይሰበራል ብለው አሰቡ። ታሪኩ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ቱርቦው ብቻውን አልወደቀም፤ ብቻውንም አላሸነፈም። የካሚንሱ መኪና የወደቀው የአየር መሳቢያው በመጥፎ ቦታ ስለ ነበረ ነው። የጄትፋየሩ የወደቀው ሞተሩ ልኩን ስላልቀነሰ ነው። ያሸነፉት ግን ማቀዝቀዣውን፣ ዘይቱን፣ ፒስቶኑን፣ ነዳጁን አስቀድመው አዘጋጅተው ጉልበቱን ከመጨረሻው ጫፍ ዝቅ ያደረጉት ናቸው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ይስማማል።

እንግዳችን በተመለሱ ጊዜ ይህንኑ በአክብሮት ነገርኋቸው። «ጋሼ፣ መኪናዎ ሲሠራ ታስቦ የተሠራው ያለ ቱርቦ ነው። ፒስቶኑም፣ ራዲያተሩም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ፍሬኑም የተለኩት ለዚያ ጉልበት ነው። ቱርቦ ቢገጥሙለት መጀመሪያ እነዚህን ሁሉ መለወጥ ይኖርብዎታል፤ ያም ከቱርቦው ዋጋ ይበልጣል» አልኋቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ በዚህ ዓመት ፍሬኑንና የዘይት ማቀዝቀዣውን ላሠራ፤ እኔም መንዳቱን ልማር። ቱርቦው ከዚያ በኋላ በትንሽ ግፊት ይመጣል፤ ባይመጣም መኪናዬ ወደ ቤቷ ትመለሳለች» አሉ። መምህራችንም «ዛሬ ክርክሩን ያሸነፉት እርስዎ ነዎት» ብለው ጨበጧቸው።

ጓደኛዬ ለጠየቀችኝ ጥያቄም አሁን መልስ አለኝ። የተጨመረ ጉልበት የሚቆየው ሌላው አካል የተዘጋጀለትን ያህል ዙር ነው። ይህ ነገር ለመኪና ብቻ አይመስለኝም። እኛም ተማሪዎች የፈተና ሌሊት መብራት አብርተን ባጠናነው ብቻ የምንተማመን ከሆነ የማጣሪያውን አራት ዙር እናልፍ ይሆናል እንጂ ሁለት መቶውን አንጨርስም። ትምህርት ቤታችን ይህን ያህል ዓመት የቆየው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት፣ ሳያቋርጥ ስለ ሠራ ነው። የሚመጡትንም ዓመታት እንዲሁ ዙሩን በሙሉ እንዲጨርስ ምኞቴን እገልጻለሁ።